ዶርዜ ከርመን መጣን

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ፋሲካን እኔና ባለቤቴ ዶርዜ፣ የቀርከሃ ጎጆ ተከራይተን አሳለፍን። አርባ ምንጭ ስንኖር እንግዳ ሲመጣብን ነበር ወደዚያ የምንወጣው። አሁን እንግዶቹ እኛ ሆንን!

ሥራችን መተኛትና ቆጮ በዳጣ መብላት ብቻ ነበር። ጎጆው ፊት ለፊቱ የዝሆን ጭንቅላት ይመስላል። እግሩን ምስጥ ሲበላው ከዓመት ዓመት ያጥራል። የእኛው ሳያረጅ አልቀረም፤ በሩን ጎንበስ ብለን ነው የምንገባው።

አንድ ቀን ወደ ሲቀላ፣ ወደ አርባ ምንጭ የታችኛው ክፍል ወረድን። የድሮ ሰፈራችን በፎቅ ተውጧል፣ መንገድ ጠይቀን ነው ያገኘነው። ጎረቤታችን የነበሩት እናት ግን ገና ድምፄን ሲሰሙ ለዩኝ። ሦስተኛውን ቡና ሳንጠጣ ማን ይለቀናል? ስለ እናንተም አንድ በአንድ ጠየቁ።

ከክረምት በፊት መሄድ የምትፈልጉ ደውሉልኝ። ጋቢ ያዙ፤ የዶርዜ ብርድ ቀልድ አያውቅም።