ለልጄ፦ በበላህ ማግስት አትቁረጥ

ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴም ይሻለዋል። ዳታው እንደተዘጋ ነው። ልደውልልህ አስቤ ነበር፤ ግን አንተ በስልክ «እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ» ትልና ትዘጋብኛለህ። ወረቀት አይዘጋም። ደብዳቤውንና ሽሮውን የሚያደርስልህ ሰው መንገዱ ሰላም ከሆነ ረቡዕ ይነሳል። ከቅዳሜ በፊት እንዲደርስህ ነው የቸኮልኩት። ለምን ከቅዳሜ በፊት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

ሰምቻለሁ። ከማን እንደሰማሁ አትመርምር። ማንቼ ማንቸስተር ሲቲን አሸንፎ የኤፍኤ ካፕን ዋንጫ ባነሳ ቀን በሺህ ብር የቤቲንግ ትኬት ቆርጠህ ከስድስት ሺህ በላይ በልተሃል። እውነቱን ልንገርህ፣ ስሰማ ደስ አለኝ። እናት ነኛ! ቀጥሎ ግን ሌላው መጣ። ለቅዳሜው የሪያልና የዶርትሙንድ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የበላኸውንም ደሞዝህንም ደርበህ ልትቆርጥ ነው አሉ። ሴራሚክ ማንጠፉንም «ጉልበት መጨረስ ነው» ማለት ጀምሯል አሉኝ።

በበላህ ማግስት አትቁረጥ። ደብዳቤው ይኸው ነው። የቀረውን ባታነበውም ግድ የለኝም። ግን አንብበው።

የማንቼንና የሲቲን ጨዋታ እኔም አይቻለሁ። ሻይ ቤታችን ጢም ብሎ ነበር፤ ወንበር ከጎረቤት ተበድረናል። እኔ መቼም ኳስ የማየው እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። ፊቴ ወደ ምድጃው፣ ጀርባዬ ወደ ቴሌቪዥኑ፤ የማየው በብርጭቆ መደርደሪያው መስተዋት ነው። ጋርናቾ ለሰው ሁሉ በቀኝ ሲሮጥ ለእኔ በግራ ነው። ስንት ዓመት እንዲህ ሳይ ቆይቼ አሁን ፊት ለፊት ባየው ግራ ይገባኛል።

የማንቼው አሠልጣኝ ቴን ሀግ ያለ አጥቂ ገባ። ሆይሉንድን ወንበር ላይ አስቀምጦ ብሩኖንና ማክቶሚኒን ፊት አደረጋቸው። ደንበኞቼ ሳቁ። «ጎል ማን ሊያገባ ነው?» አሉ። እኔ አልሳቅኩም። ሁለቱ ወደ ኋላ እየተመለሱ ለሜይኑና ለአምራባት ያግዙ ነበር። መሀሉ በሰው ሞላ። ሲቲ መግቢያ ሲያጣ ኳሷን ከዳር ዳር ማመላለስ ያዘ። ጎበዝ ዕቅድ ነው፣ አልክድም። በተለይ ሁለተኛዋ ጎል ትከበር። 39ኛው ደቂቃ ላይ ራሽፎርድ ከግራ ወደ ቀኝ ቀየራት፣ ጋርናቾ ለብሩኖ፣ ብሩኖ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ለሜይኑ። እኔም ማማሰያዬን ይዤ ጮህኩ። ወተቱ ገነፈለ።

የመጀመሪያዋ ግን? ዳሎት ረጅም ኳስ ለጋ፣ የሲቲው ግቫርዲዮል ለበረኛው በጭንቅላት እመልሳለሁ ሲል በረኛው ወጥቶ ኖሮ በላዩ ላይ አለፈች፣ ጋርናቾ ባዶ ጎል አገኘ። ያቺ ስጦታ ናት። ከዕረፍት መልስማ ሁሉም ወደ ራሱ ሳጥን ገባ። የሲቲው ሃላንድ አግዳሚውን መታ። ዶኩ 87ኛው ደቂቃ ላይ ሲያገባ የማንቼው በረኛ ኦናና በቅርቡ ቋሚ በኩል ነው የተሸወደው። ከዚያ በኋላ ስኒ ማጠብ አቆምኩ። 2 ለ 1 አለቀ፣ ተመስገን፣ ቤቱ በጭፈራ ተናወጠ።

አሁን ሁሉም «ቴን ሀግ ይቆይ» ይላል። ዋንጫ እንዲህ ነው፣ ዓይን ያሳውራል። ይኸው ቡድን ሊጉን ስምንተኛ ሆኖ ነው የጨረሰው። 14 ጨዋታ ተሸንፏል። ገና በሚያዝያ መጨረሻ ክሪስታል ፓላስ 4 ለ 0 ሲያደርገው ምስኪኑን ካሴሜሮን መሀል ተከላካይ አድርጎት ነበር። ቼልሲን 3 ለ 2 እየመራ በጭማሪ ሰዓት ሁለት ተቆጥሮበት 4 ለ 3 ተሸነፈ። በዚሁ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ከታችኛው ሊግ የመጣውን ኮቨንትሪን 3 ለ 0 እየመራ 3 ለ 3 አለቀ። አራተኛዋንም አግብተውበት ነበር፤ ቫር፣ የቪዲዮው ዳኛ፣ በጫማ ጫፍ ኦፍሳይድ ብሎ ሻረለት። በፔናሊቲ አለፈ። ማለፉን እንጂ እንዴት እንዳለፈ ማን ያስታውሳል?

በሽታው አንድ ነው። አጥቂዎቹ ወደ ፊት ሄደው ይጫናሉ፣ ተከላካዮቹ ፈርተው ከኋላ ይቀራሉ፣ መሀሉ አውድማ ይሆናል። በሬ ከነቀንበሩ ያልፋል። ባለፈው ቅዳሜ ለምን አልታየም? ሲቲ ኳሷን እንደሚይዝ ስለታወቀ ሁሉም አንድ ላይ ተጠጋግቶ ተከላከለ። ነገ ትንሽ ቡድን መጥቶ «ኳሷን እናንተ ያዙ» ሲላቸው አውድማው ይመለሳል። ቀዳዳው አልተደፈነም፤ ለአንድ ቀን ጨርቅ ተወተፈበት። ይህን ስል አንዱ ማኪያቶውን ጥሎብኝ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

አያትህ ትዝ አለኝ። የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ስንቴ አውርቶልናል? አዲስ አበባ ላይ ግብፅ 2 ለ 1 ሲመራ፣ ሉቺያኖ አቻ ሲያደርግ፣ በጭማሪ ሰዓት ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨምረው 4 ለ 2 ሲሆን፣ ጃንሆይ ዋንጫውን ሲሰጡ። እስኪሞት ድረስ «እኛ እኮ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነን» ይል ነበር። ይኸው 62 ዓመት፣ ዋንጫው ተመልሶ አልመጣም። ነፍሱን ይማረው።

ለቅዳሜው «ሪያል ያሸንፋል» ትላለህ። እኔም ሪያል ነው የምለው። ዶርትሙንድ በአገሩ ሊግ አምስተኛ ነው የወጣው፣ ሪያል ደግሞ ፍጻሜ ሲያይ ሌላ ሰው ይሆናል። ነገሩ እሱ አይደለም። ቢያሸንፍስ? በእሱ ማግስትም ልትቆርጥ ነው። በበላህ ማግስት አትቁረጥ አልኩህ።

እስኪ የበርበሬውን ነገር ልንገርህ። ገሚሱን ታውቀዋለህ። ቤቱ በበርበሬ ተሞልቶ ሁላችንም ስናነጥስ፣ አንተ በአፍንጫህ ላይ የእኔን ነጠላ አስረህ ስትዞር ትዝ ይልህ ይሆናል። የማታውቀውን ነው የምነግርህ።

መጀመሪያ ዓመት በእቁብ ብር አምስት ኩንታል ገዛሁ። ከቡሬ መንገድ የመጣ ነበር። አስቀምጬ ክረምት ሲገባ ሸጥኩት፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ይህን ጣሪያ ያደስነው በእሱ ነው። እንዴት እንደኮራሁ! ገበያ ስሄድ አረማመዴ ራሱ ተለወጠ። በዓመቱ እቁቡንም፣ የበሬውን ሽያጭም፣ ከአክስትህ የተበደርኩትንም ደርቤ 18 ኩንታል ገዛሁ። አባትህ «ግማሹ ይበቃል» አለኝ። ደግሞ አልተናገረም፤ እሱ ሁለት ጊዜ አይናገርም። «አንተ ምን ታውቃለህ» አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት፣ በሰው ፊት።

ደረቅ በርበሬ ስትነቀንቀው ፍሬው ውስጡ ይንኳኳል። እርጥብ ከሆነ ዝም ነው። ሻጭ ሚዛን እንዲመታለት ውኃ ይረጭበታል። ጆንያ ፈትቶ፣ እጅ ሰዶ፣ ከሥር አውጥቶ ጆሮ ላይ ማንኳኳት ነው። እኔ የላይ የላዩን ብቻ አየሁ። ሚያዝያ ላይ አንዱን ጆንያ ስፈታ ትኩስ እንፋሎት ፊቴን መታኝ። እጄን ብሰድ እንደ ተቀቀለ ነገር ልስልስ አለ። ነጭ ሻጋታ ጣቴ ላይ ቀረ። አንድ በአንድ ፈታኋቸው። ከ18ቱ የተረፈው ስድስት ነው።

ዛሬም እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። የመጀመሪያውንም ዓመት እኮ አላንኳኳሁም። ያኔም የላይ የላዩን አይቼ ነው የገዛሁት። ደረቅ ሆኖ የተገኘው በዕድል ነው። እኔ ግን ነጋዴ የሆንኩ መሰለኝ።

ከዚያ እህትህ ዘጠነኛ ክፍልን አቋርጣ ሻይ ቤት ገባች። «እስከ መስከረም ብቻ» አልኳት። ባለፈው ሳምንት ቁም ሳጥኑን ሳጸዳ የፊዚክስ ደብተሯን አገኘሁት። ገሚሱ ድረስ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከሥሩ በማስመሪያ የተሰመረበት፣ ቀጥ ያለ ጽሑፍ ነው። ከዚያ ገጹን ስገልጥ «ሁለት ማኪያቶ፣ አንድ ሻይ፣ ዱቤ» ይላል። የዱቤ መዝገብ አድርገነው ኖሯል። ያው የእሷ እጅ ጽሑፍ ነው። እሷ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ለማንም አታውራ። ለእሷም።

በል ስማኝ። ብሩን ሐሙስ ጠዋት ባንክ አስገባው። ከሱ ላይ የሁለት ወር ኪራይ ክፈል፤ አከራይህ በስልክ ድምፁ አላማረኝም። ሁለት ሺህ ለአክስትህ ላክላት፤ ዕዳ አይደለም፣ ደስ እንዲላት ነው። ጉልበትህ ላይ የምታስረውን ስፖንጅ ግዛ። ሴራሚክ ላይ ተንበርክከህ ስትውል እኔን እንዳትመስል። ሥራውን እንዳትተው። አለቃህ ጋር ተጣልተህ ከሆነ ንገረኝ፤ ካልተጣላህ አትጣላ።

ቅዳሜ ጨዋታውን እይ። ከጓደኞችህ ጋር እይ፣ ጩህ፣ ለስላሳ ጠጣ። ቤቲንግ ቤቱ ባለበት መንገድ ግን አትለፍ፤ በኋላ በኩል ዙር። ትኬት በኪስህ ካለ ጨዋታ አይታይም፣ የሚታየው ብር ነው። አንተ ደግሞ ኳስ የምታውቅ ልጅ ነህ። አሥር ዓመትህ ሳለ «ይህ ተከላካይ ለምን ብቻውን ቀረ?» ብለህ የጠየቅከኝ አንተ አይደለህ? ቤቱ በሙሉ ጎሉን ሲያይ አንተ እሱን አየህ።

በበላህ ማግስት አትቁረጥ። ሦስቴ አልኩ ወይስ አራቴ? አንተ የአባትህ ልጅ ብቻ ብትሆን አንዴ ይበቃ ነበር፤ የእኔም ልጅ ነህና አላምንህም።

ሽሮው አዲስ ነው፣ ቅመሙ በዛ ብሏል። እንዳይነቅዝ እሑድ ፀሐይ አስመታው። በርበሬውን ሁለቴ አንኳኩቼ ነው የገዛሁት፣ አትሳቅ። ባልዲውን ከነክዳኑ ለዚሁ ሰው መልሰህ ስጠው፤ የእህትህ ነው።

እናትህ