ከዳካር ለእማዬ

ዳካር፣ ሰኔ 2017

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ከረምሽ እማዬ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው «ሁሉም እስላም በሆነበት አገር እንዴት አድርገሽ ትጸልያለሽ?» ስትዪኝ ስልኩ ተቋረጠ።

እውነትሽን ነው፣ ሴኔጋል ውስጥ ከመቶው ሰው ከ90 በላዩ ሙስሊም ነው። ግን ነጻ ሲወጡ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንታቸው ሴንጎር ካቶሊክ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1980 ድረስ መራቸው። ገናና ዕርገትም እንደ አረፋ የሕዝብ በዓል ናቸው። ጭቅጭቅ የለም አልልሽም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ሂጃብ ለብሳችሁ አትገቡም ብሎ አገሩ ሁሉ ሲከራከር ከርሞ ነበር፤ በኋላ ተነጋግረው ፈቱት።

ዘንድሮ የነሱና የኛ ፋሲካ በአንድ ቀን ዋለ አይደል? ስቅለት ዕለት ከላይ ያሉት ካቶሊክ ጎረቤቴ ትልቅ ሳፋ ደረጃው ላይ አውጥተው፣ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ሰደው፣ የእህሉን ቂንጬ በኦቾሎኒና በባኦባብ ፍሬ ሲያሹ አገኘኋቸው። ንጋላኽ ይሉታል። ከዚያ ልጆቹ በባልዲ በባልዲ እየያዙ የሙስሊሙን በር ሁሉ አንኳኩ። ማንም ባዶ እጁን አልቀረም።

አረፋን እዚህ ታባስኪ ነው የሚሉት። ያን ቀን ደግሞ ፊት ለፊቴ ያሉት ሙስሊም እናት የበግ ጭን ይዘውልኝ መጡ። ካቶሊኮቹ ይበላሉ፤ እኔ ግን አልቻልኩም። እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ፊቴ ቀላ፣ በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ «እኛ ጋ ክርስቲያን ያረደውን ብቻ ነው የምንበላው» አልኳቸው። ይቀየማሉ ብዬ ሞትኩ። እጄን ያዝ አድርገው ሥጋውን መልሰው ወሰዱት፤ ማታ በዚያ ሁሉ ሥጋ መሃል ለእኔ ብለው ዓሣ በሩዝ ሠርተው ላኩልኝ። እማዬ፣ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ባለፈው እሁድ ደግሞ ፋዲዩት የምትባል ደሴት ወሰዱኝ። መሬቷ ዛጎል ነው፣ ስትራመጂ ይንኮሻኮሻል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ የመቃብር ስፍራ ነው የሚያርፈው። ብዙ ቆሜ አየሁት።

ደሴ እያለን ለሐጂ ቤት ሰዎች ብለሽ ለብቻ የምታስቀምጫት ድስት አሁንም አለች? እባክሽ ለማንም እንዳትሰጪብኝ። ስመጣ እሷን አጥቤ፣ እነሱን ጠርቼ ዓሣ በሩዝ እሠራባታለሁ።

ልጅሽ