ላውበርሆርን ይጠር መባሉ አልተዋጠልኝም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በስፖርት ገጻችሁ ስለ ላውበርሆርን፣ ስለ ስዊዘርላንዱ የበረዶ ሸርተቴ የቁልቁለት ውድድር፣ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለዚህ ስፖርት በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ብርቅ ነውና ደስ ብሎኛል። መደምደሚያው ግን ከነከነኝ። ጸሐፊው አደጋ ስለበዛ ቁልቁለቱ ይጠር ይላሉ። የምኖረው በርን ነው፤ ጥር ሲመጣ ውድድሩ ወደሚካሄድባት መንደር፣ ወደ ቬንገን፣ መውጣት ልማዴ ሆኗል። በዚህ ሐሳብ ፈጽሞ አልስማማም።

ላውበርሆርንን ላውበርሆርን ያደረገው ርዝመቱ ነው። ከ2,315 ሜትር ከፍታ ተነስቶ 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይወርዳል። በበረዶ ሸርተቴ የዓለም ዋንጫ ውድድሮች ከዚህ የሚረዝም ቁልቁለት የለም። ዝነኛው የኦስትሪያ ኪትስቢውል እንኳ 3.3 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። እዚህ ግን ጣሊያናዊው ክሪስቲያን ጌዲና በ1997 ክብረ ወሰን ሲሰብር እንኳ የወረደው በ2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ግማሽ ደቂቃ ምን አላት እንዳትሉኝ። አንድ ዓመት ማጠናቀቂያው አጠገብ ካለው ጥምዝምዝ መታጠፊያ ላይ አጥር ተደግፌ ቆሜ ነበር። ስኪው የጠጠረውን በረዶ ሲፍቀው ድምፁ ከሰውየው ይቀድማል፤ አስፋልት ላይ ቆርቆሮ ሲጎተት ያህል ነው። ብቅ ሲል ጭኖቹ ይንቀጠቀጣሉ። በዓይኔ ያየሁት ነው። መስመሩን እንዳለፈ እግሩ አልሸከም አለው፤ በጀርባው ተዘረረ። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። 10 ሺህ ሜትር እያየን ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የመጨረሻው ዙር ልብ የሚሰቅለው 24 ዙር ስላለፈ ነው።

ታሪኩም አለ። ውድድሩን በ1930 የጀመረው ኤርንስት ጌርች የተባለ የቬንገን ሰው ነው። መንደሩ መኪና አይገባውም። ተመልካቹ ሁሉ ዳገቱን በባቡር ይወጣል፤ ተወዳዳሪዎቹ ደግሞ በዚያው ባቡር ሐዲድ ስር ሾልከው ያልፋሉ። እያንዳንዱ ጥግ የራሱ ስም አለው። በ1954 ታላቁን ቶኒ ዛይለርን ጨምሮ ኦስትሪያውያኑ አንድ ቦታ ላይ ወደቁ። ቦታው ዛሬም «የኦስትሪያውያን ጉድጓድ» ነው የሚባለው። ፍራንዝ ክላመር ከ1975 እስከ 1977 ሦስቴ በተከታታይ አሸንፎ አገሩን ካሰ፤ ስሙ ግን አልተነሳም። «የውሻ ራስ» የሚሉት ዝላይ አለ፤ ከቋጥኙ ጫፍ ሲወረወሩ ገደል የገቡ ነው የሚመስለው። ከታች ሃነግሹስ በሚባለው ፈጣን ቀጥ ያለ ክፍል ላይ ፈረንሳዊው ዮሃን ክላሬ በ2013 በሰዓት 161.9 ኪሎ ሜትር በርሯል።

አደጋውን አልክድም። በ1991 የ20 ዓመቱ ኦስትሪያዊ ጌርኖት ራይንሽታድለር በማጣሪያው ላይ ማጠናቀቂያው ጋ ወድቆ ሕይወቱ አለፈ። ገና ልጅ ነበር። የዚያ ዓመት ውድድር ተሰረዘ፤ የማጠናቀቂያው አካባቢም እንደገና ተሠራ። ያኔ የተነካው አደጋው የደረሰበት ቦታ ነው። ከላይ ቆርጦ መጣል መፍትሔ ተብሎ አልተወሰደም።

ጽሑፋችሁ በዋናነት ያነሳው የ2024ቱን የኖርዌያዊውን አሌክሳንደር ኪልደን አወዳደቅ ነው። እውነት ነው፤ ባቱ ክፉኛ ተቆረጠ፣ ትከሻውም ተጎዳ። እሱም የወደቀው መጨረሻው ላይ ነው። የዚያን ሳምንት ፕሮግራም ግን አላነሳችሁም። ሐሙስ አጠር ያለ የቁልቁለት ውድድር፣ ዓርብ ሱፐር ጂ (ከቁልቁለቱ አጠር ያለና መታጠፊያ የሚበዛበት ውድድር)፣ ቅዳሜ ሙሉው ላውበርሆርን። በሦስት ቀን ሦስት ውድድር! የሐሙሱ ሌላ ቦታ የተሰረዘ ውድድር ማካካሻ ነበር። ዓርብ ዕለት ፈረንሳዊው አሌክሲ ፓንቱሮ ወድቆ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በማግስቱ ኪልደ።

ሐሙስና ዓርብ ያለቀ እግር ቅዳሜ 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ውረድ ሲባል ጥፋቱ የተራራው ነው? ሐሙስ የተጨመረው ይቀነስ። ስዊዘርላንዳዊው ማርኮ ኦደርማት ሐሙስንም ቅዳሜንም አሸንፏል፤ አንድ ሰው ቻለ ማለት ግን ሁሉም ይችላል ማለት አይደለም።

ለመጪው ጥር ስትዘግቡ ከውጤቱ ጋር አንድ ነገር ጨምሩልን። ልጆቹ መነሻው ላይ ከመቆማቸው በፊት ስንት ቀን አረፉ?

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ፣ ከበርን