ለልጄ፣ የበረዶ ሸርተቴ ውድድሯ ሦስት ሳምንት ሲቀረው

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ይህን የምጽፍልሽ ትናንት ማታ ወንድምሽ አንድ ነገር ስላመለጠው ነው። ስለ ሌላ ጉዳይ እያወራን «ማታ ማታ እኮ እግሯን በረዶ ባልዲ ውስጥ ነክራ ነው የምታጠናው» አለኝ። ከዚያ አፉን ያዘ። እሱን እንዳትቆጪው። ሊያሳብቅብሽ ፈልጎ አይደለም፣ እኔ ነኝ ወጥሬ የያዝኩት። «የትኛውን እግሯን?» አልኩት። «ቀኙን» አለ።

ቀኙን።

እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። እናትሽ «ደውልና ጠይቃት» አለችኝ። ስልክ ላይ እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ። ድምፄ ከፍ ይላል፣ አንቺ «እሺ አባዬ» ትያለሽ፣ ከዚያ ስለ አየሩ ጠባይ አውርተን እንዘጋለን። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

ዋናውን አስቀድሜ ልናገር፣ ሌላው ይደርሳል። ሲያምሽ ተናገሪ። ለአሠልጣኝሽ ተናገሪ። ለሐኪሙ ተናገሪ። ለእኔ መናገር ከከበደሽ፣ ቢከብድሽም አልፈርድብሽም፣ ለእናትሽ ተናገሪ።

ከልምምድ በኋላ እግር በረዶ ውስጥ መንከር የተለመደ ነው ትይኛለሽ። ልክ ነሽ፣ ሁሉም ያደርገዋል። ግን የደከመ እግርና የታመመ እግር አንድ አይደሉም። ይህን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። የደከመ እግር ሲያድር ይሻለዋል። አንድ ቦታ ላይ በጣት ጫፍ ስትነኪው «እህ!» የሚያሰኝሽ ከሆነ፣ ጠዋት ከአልጋ ስትወርጂ የመጀመሪያዋን እርምጃ እያነከስሽ የምትረግጫት ከሆነ፣ እሱ ድካም አይደለም። ዛሬውኑ በጣትሽ ጫን ጫን እያደረግሽ ሞክሪው። ደብዳቤውን አስቀምጪና ሞክሪው።

ሞከርሽ?

ሰሞኑን ማታ ማታ እያነበብኩ ነው። ድሮ ማንበብ የነበረብኝን አሁን። ስድስቱን ዝላዮች አንቺ በእንቅልፍ ልብሽም ትቆጥሪያቸዋለሽ፦ ቶ ሉፕ፣ ሳልኮው፣ ሉፕ፣ ፍሊፕ፣ ሉትዝ፣ አክስል። አነሳሳቸው ይለያያል። አንዱ ከስለቱ የውስጥ ጠርዝ ይነሳል፣ አንዱ ከውጪው፣ አንዱ በጫማው የፊት ጥርስ በረዶውን ወግቶ። አክስል ብቻ ወደ ፊት እየሄዱ ስለሚነሱበት ግማሽ ዙር ይጨምራል። አንቺ ወደ ግራ ስለምትዞሪ ግን የሁሉም ማረፊያ አንድ ነው። ቀኝ እግር፣ የውጪ ጠርዝ፣ ወደ ኋላ። ሉፕማ መነሻውም ያው ቀኝ እግር ነው። አንዴ ስታርፊ በዚያች እግር ላይ የሚወርደው ጫና የክብደትሽን ብዙ እጥፍ ነው። ስንት ሺህ ጊዜ እንዳረፍሽባት አስቢ። እኔ ማሰብ አያስፈልገኝም፣ ተጽፎ አለኝ።

ሰማያዊውን ደብተር ታስታውሺዋለሽ። የበረዶው ሜዳ አጥር ሥር ተቀምጬ ዝላይሽን የምቆጥርበትን። አምረሽ ላረፍሽው አንድ ጭረት፣ ለወደቅሽው ክብ፣ ዙሩ ላልሞላው የጥያቄ ምልክት። ባለፈው ሳምንት እናትሽ ቁምሳጥኑን ስታጸዳ አገኘችውና ምንም ሳትል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ምንም ሳትል ስታደርግ ምን ማለቷ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የዚያን ቀኑን ገጽ ፈልጌ ገለጥኩት። ሉፕ፦ አራት ጭረት፣ ዘጠኝ ክብ። ከጎኑ በእኔ እጅ ጽሑፍ «ትኩረት የላትም» ይላል። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

አጥንትሽ ተሰንጥቆ ነበር እኮ። እኔ ግን ትኩረት የላትም ብዬ ጻፍኩ።

ከስድስተኛው ውድቀት በኋላ ይመስለኛል፣ አጥሩ ጋ መጣሽ። የቀኝ እጅሽን ጓንት በጥርስሽ ጎትተሽ አወለቅሽና «አባዬ፣ እግሬ» አልሽኝ። ሌላ አልጨመርሽም። እኔ ሰዓቴን አየሁ። በረዶውን የተከራየነው እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ አስቤ «ትንሽ ነው የቀረው፣ ቻይው» አልኩሽ። ብትከራከሪኝ ኖሮ፣ ብታለቅሺ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። አልተከራከርሽም። ጓንትሽን ጣት በጣት መልሰሽ አጠለቅሽና ሄድሽ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ስትወድቂ ያየሁሽን ሁሉ ረስቼዋለሁ። ያቺ ጓንት ግን አልጠፋ አለችኝ።

ከዚያ ራጅ ተነሳሽ፣ «ምንም የለም» ተባለ። እኔ ደስ አለኝ። መኪና ውስጥ «አየሽ?» ሁሉ ብዬሻለሁ። ከተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ ስንጥቅ ጅምሩ ላይ በራጅ ብዙ ጊዜ እንደማይታይ አላውቅም ነበር። አላውቅም ነበር ማለቱ ይቀለኛል፣ እውነቱን ለመናገር ግን ማወቅም አልፈለግኩም። ውድድሩ አሥራ ስድስት ቀን ነበር የቀረው። ኤም አር አይ ተነስተሽ ስንጥቁ እስኪታይ ድረስ ዘለልሽበት። ውድድሩንም ዘለልሽበት። አራተኛ ወጣሽ። አራተኛ በመውጣትሽ ቤት እስክንገባ አላናገርኩሽም።

ሐኪሙ «አሁን ድነሻል» ካለ በኋላም አልተመለስሽም። ጫማሽን ከነስለቱ አልጋ ሥር ገፋሽው። እኔ ፈርታ ነው አልኩ። ለዘመድ ሁሉ «ትንሽ ፈርታለች፣ ይለፍላት» እያልኩ አወራሁ። ሁለት ዓመት ተኩል ቆይቼ ነው የገባኝ። ያስጠላሽ እኔ ያለሁበት በረዶ ነበር። እንጂማ ብቻሽን ስትሆኚ፣ ለሕዝብ በሚከፈትበት ሰዓት፣ ከሕፃናቱ ጋር እየተጋፋሽ መንሸራተት ጀምረሽ እንደነበር ወንድምሽ ነግሮኛል። (ይሄ ልጅ ምስጢር አይችልም። ምንም አትንገሪው።)

እሺ፣ ይሄን ይብቃኝ። ቁም ነገሩን ልቀጥል፦

ስለ አዲሱ ጫማ። ገና አልለሰለሰም ብለሽ ለእናትሽ ነግረሻታል። ሦስት ሳምንት ሲቀር ባልለሰለሰ ጫማ ባለ ሦስት ዙር አይዘለልም። ቁርጭምጭሚትሽ ጋ የሚቆነጥጥሽን ቦታ ጫማ ሠሪው በሙቀት ያስፋልሽ። ስለቱን ደግሞ ለውድድሩ ዋዜማ አታስሞርጂ። ጥቂት ቀን ቀደም አድርገሽ አስሞርጂና ተለማመጂበት። ድሮ በዋዜማው አስሞርደን ጠዋት ጠርዙ እንዴት እንደያዘሽ አልረሳሁም፣ አንቺም አትረሺውም። አውሮፕላን ላይ ጫማሽን ከሻንጣው ጋር አትስጪ። ሻንጣ ይጠፋል። ልብስ ይዋሳሉ፣ የራስን ጫማ ግን ከማን ይዋሳሉ?

ስለ መብላት። ይህን በጥንቃቄ ነው የምጽፈው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በፈረንጆቹ 2014 ያወጣውን ነገር አነበብኩ። አንድ ስፖርተኛ ለሚያወጣው ጉልበት የሚበቃውን ካልበላ፣ ሰውነቱ ከሌላ ቦታ መቀነስ ይጀምራል ይላል። ሴቶች ላይ የወር አበባ ይዛባል፣ ይቀራል። አጥንት ይሳሳል። ስለዚህኛው እኔ አልጠይቅሽም፣ እናትሽ ትጠይቅሻለች። እውነቱን ንገሪያት። እኔ ግን አንድ ቀን፣ ልብስ ስትለኪ፣ «ጠበበሽ እንዴ?» ብዬሽ ነበር። አንቺ ሳቅሽ። በዚያ ሳምንት እራት ላይ ሳህንሽ ስንት ጊዜ ሳይነካ እንደተነሳ አሁን ነው የማስታውሰው። ጠቦሽ አልነበረም። አድገሽ ነበር።

ደግሞ ረዝመሻል። ስምንት ሴንቲ ቀላል አይደለም። ቁመት ሲጨምር በአየር ላይ መዞሩም ይከብዳል፣ የመነሻው ሰዓትም ይለወጣል። የአሥራ አምስት ዓመቷን ልጅ ዝላይ አትፈልጊው። የለም። የአሁኗ ትዝለል።

ተመልሰው ስለመጡትም ሳነብ ከረምኩ። ጀርመናዊቷ ስኬተር ካታሪና ዊት በ1984 ሳራዬቮ ኦሊምፒክ ላይ፣ በ1988 ደግሞ ካልጋሪ ላይ ወርቅ ወስዳለች። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ ሊልሃመር ኦሊምፒክ ላይ ተመለሰች። ያኔ የመጀመሪያ ወርቋን ያገኘችባት ሳራዬቮ ተከብባ በከባድ መሣሪያ ትደበደብ ነበር። ዊት ረጅሙን ፕሮግራሟን ለዚያች ከተማ መታሰቢያ አድርጋ ተንሸራተተች። ሰባተኛ ወጣች። ሰው ከሁለቱ ወርቆቿ እኩል ያቺን ሰባተኛ ያነሳታል። ኮሪያዊቷ ዩና ኪም ደግሞ ከ2011 የዓለም ሻምፒዮና በኋላ አረፈች። ስትመለስ የኦሊምፒክ ወርቅ ይዛም ቢሆን ዝቅተኛውን የቴክኒክ ነጥብ ማሟላት ስለነበረባት፣ በ2012 መጨረሻ ዶርትሙንድ ላይ ወደ አንድ ትንሽ ውድድር ሄደች። በመጋቢት 2013 የዓለም ሻምፒዮናውን በ218.31 ነጥብ አሸነፈች፣ ሁለተኛዋን ከሃያ ነጥብ በላይ ርቃ። ስለዚህ «ይሄማ ትንሽ ውድድር ነው» ብለሽ አፍንጫሽን እንዳትነፊ።

ሦስተኛዋን ካንቺ በላይ አላውቃትም፣ ግድግዳሽ ላይ ናት። አሜሪካዊቷ አሊሳ ሊው። በሚያዝያ 2022፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ በቃኝ አለች። በመጋቢት 2025 ቦስተን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ስትመለስ ሙዚቃውንም ልብሱንም ራሴ ነኝ የምመርጠው ብላ እንደሆነ አነበብኩ። አንብቤ ስልኩን አስቀመጥኩት። ትንሽ ቆይቼ እንደገና አነሳሁት። አንቺ የመረጥሽውን ሙዚቃ እኮ አልጠየቅኩሽም። ለመሆኑ ምንድን ነው? ንገሪኝ። አስተያየት አልሰጥም።

አሁን ስለ ሉፕ። አሠልጣኝሽ አለች፣ እኔ አያገባኝም፣ ግን አንድ ነገር ልበል። ባለ ሦስት ዙር ሉፕ መነሻ ነጥቡ 4.90 ነው። ባለ ሁለት ዙሩ 1.70። ልዩነቱ 3.20 ነው። ለዚህች ለ3.20 ነው «ቻይው» ያልኩሽ። በረጅሙ ፕሮግራም ላይ እግርሽ ደስ ካላላት ባለ ሁለት ዙር አድርጊውና እለፊ። በአጭሩ ፕሮግራም ደግሞ ለብቻው የሚዘለለውን በሉትዝ ወይም በፍሊፕ ተክተሽ ሉፕን ጭራሽ ማውጣት ይቻላል። ከአሠልጣኝሽ ጋር ተነጋገሩበት። ግን እንድትነጋገሩ መጀመሪያ ማወቅ አለባት። እንድታውቅ ደግሞ መናገር አለብሽ። ሲያምሽ ተናገሪ ያልኩት ለዚህ ነው። ጠዋት ልምምድ ሳትጀምሪ ንገሪያት። ነገ ጠዋት።

በማሟሟቂያው ስድስት ደቂቃ ስድስት ስኬተር አንድ በረዶ ላይ ትሆናላችሁ። ከጎንሽ ያለችው ልጅ ሉትዝን ከቶ ሉፕ ጋር ስታያይዝ አይተሽ እልህ እንዳትጋቢ። እልኸኛነትሽ ከማን እንደመጣ እናውቃለን። የራስሽን ብቻ ሥሪ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ካመመሽ ከበረዶው ውጪ። አባትሽ ይሙት፣ ራስሽን አግልለሽ ብትወጪ አንድ ቃል አይወጣኝም። ወድቀሽ ብትነሺ፣ ዝላዩ ከሚያሳጣሽ ሌላ፣ አንድ ነጥብ ነው የሚቀንሱብሽ። በስንጥቅ ላይ ስታርፊ የሚቀነስብሽን ግን አይተነዋል።

ባለፈው «ትመጣለህ ወይ?» ብለሽ ጽፈሽልኝ አልመለስኩልሽም። ስልኩን ይዤ ብዙ ጊዜ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። የጠየቅሽኝ እንድመጣ ፈልገሽ ይሁን፣ ወይስ እንዳልመጣ ለማረጋገጥ፣ አልገባኝም። ከፈለግሽኝ እመጣለሁ። አጥሩ ሥር አልቀመጥም። ከላይ፣ በረዶ መጥረጊያው መኪና በሚገባበት በኩል፣ ከእናትሽ ጎን እቀመጣለሁ። ከመጣሁ እጄ ላይ ከካፖርቴ በቀር ምንም አይኖርም። ካልፈለግሽኝም ጻፊልኝ፣ አልቀየምም። ትንሽ እቀየም ይሆናል። ግን ይለፍልኛል።

ሰማያዊውን ደብተር ምን እንዳደርገው እናትሽ ጠየቀችኝ። እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ነው። ያንቺ ነው፣ አንቺ ስትመጪ ትወስኚበታለሽ።

የምወድሽ አባትሽ

ረስቼው፦ ትርፍ የጫማ ማሰሪያ ሁለት ያዢ፣ አንዱን ከጫማው ጋር፣ አንዱን ከልብሱ ጋር። ሐኪሙ ጋ ነገ ከልምምድ በኋላ ሂጂ፣ ሰዓቱን ለእናትሽ ላኪላት። ራጅ አንስተው «ምንም የለም» ካሉሽ ተነስተሽ አትውጪ። ድሮ ምን እንደነበረ ንገሪያቸውና ኤም አር አይ ይደረግልኝ በያቸው።