ለታናሽ ወንድሜ፣ ወደ መንዝ

ቶሮንቶ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤ ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እማዬና አባባስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ሥራውም ደኅና ነው። ከሰኔ ወዲህ ድምፄ የጠፋው ታምሜም ተቀይሜም ሳይሆን አፍሬ ነው። ባለፈው ሳምንት የላክህልኝን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ከሰማሁ በኋላ ግን፣ በስልክ ላወጣው ያቃተኝን በጽሑፍ ልነግርህ ተቀመጥሁ።

«እምነት ካለህ የስኳር መርፌውን ትተህ ጸበል ግባ» ያልሁህ እኔ ነኝ። የመሳፈሪያውንም የላክሁት እኔ ነኝ። በአራተኛው ቀን ራስህን ስተህ፣ በሰው ሸክም ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ስትደርስ፣ እኔ እዚህ የሌሊት ተረኛ ሆኜ የሰው እናት አልጋ አነጥፍ ነበር። ወጪው ከብዷት ነው እንዳትል፤ የኢንሱሊኑን ገንዘብ አንድም ወር አሳልፌ አላውቅም። ከ12 ዓመትህ ጀምሮ በየቀኑ መወጋትህ አንጀቴን ስለበላው፣ አንድ ቀን እንዲያበቃልህ ጓጉቼ ነው። ይሁን እንጂ ቆሽትህ ኢንሱሊን ማመንጨት ስላቆመ መርፌው ለአንተ እንደ እህል ውኃ መሆኑን ሐኪሙ ነግሮን ሳለ አልሰማሁም፤ ጥፋቴን ፍቅር ነው ብዬ አልሸፍነውም።

አንተ ግን ስለ በደሌ አንድ ቃል አልተነፈስህም። የነገርኸኝ ጠዋት ዳዊትህን ደግመህ መርፌህን እንደምትወጋ፣ የንስሐ አባትህ ጸበሉን ጠጣ፣ መድኃኒትህንም አታቋርጥ እንዳሉህ፣ ጾሙንም እርሳቸው በፈቀዱልህ መጠን እንደምትይዝ ነው። ሌላው አገር ኢንሱሊን በሙቀት እንዳይበላሽ ይሰጋለታል፤ የመንዝ ስጋት ግን ውርጩ ነውና፣ አንዴ በረዶ ከሆነ ስለማይሠራ ብልቃጡን እማዬ በፈተለችው ባና ጠቅልለህ ከራስጌህ እንደምታሳድረው ስትነግረኝ፣ የእርጥብ ጠጉርና የጭስ ሽታው አውቶቡስ ውስጥ መጣብኝና መውረጃዬን አለፍሁ።

ከሁሉ ይልቅ ያቺ የ9 ዓመት ልጅ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። በክትትልህ ቀን አልወጋም ብላ አግዳሚ ወንበር ሥር ስትገባ፣ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጠህ፣ ሸሚዝህን ገልበህ «እስክጨርስ ቁጠሪልኝ» ብለህ በፊቷ ራስህን ወጋህ፤ አምስት ሳትደርስ ማለቁን አይታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አዲስ ታማሚ ሕፃን ሲመጣ ሲስተሯ አንተን እንደምትጠራ ነገርኸኝ። «እትዬ፣ ምን በድዬህ ነው እያልሁ አራት ዓመት እግዚአብሔርን ጠየቅሁት፤ ያን ዕለት መጠየቄን ረሳሁ» ያልኸውን ሰምቼ፣ በሥራዬ መካከል ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ።

ለልጆቹ የምትነግራቸው አንድ ነገር ልጨምርልህ። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለስኳር ታማሚ የተሰጠው በጥር 1914 ዓ.ም. በዚህ እኔ በምኖርበት ከተማ ነው። ታማሚው ሊዮናርድ ቶምፕሰን የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ሲሆን፣ የመጀመሪያው መርፌ አልሆነለትም፤ ከ12 ቀን በኋላ ይበልጥ ተጣርቶ የተሰጠው ግን አዳነው። ይህ በተደረገበት ሆስፒታል ደጅ ስንት ጊዜ ሳላውቅ አልፌያለሁ። ለአንተ ዕድሜ በቀረበ ልጅ መጀመሩን ሳነብ አንተን ያየሁ መሰለኝ።

የእኅታችን ሠርግ ለጥር መቆረጡን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ አለመገኘቴ ግን ያንገበግበኛል። በእኔ ፋንታ ጨፍርላት፤ ጭፈራ ስኳርህን ያወርደዋልና ከረሜላ ከኪስህ አይለይ፤ ላብ ላብ ካለህና ከተንቀጠቀጥህ አፍረህ አትቆይ፣ ወዲያው ብላ።

ከላክሁት ገንዘብ ለአባባ ዓይን ምርመራ ቀንስ። የስኳር መለኪያውን ሁለት ካርቶን በሰው ልኬአለሁ፤ አንዱ ለልጅቷ ነው። የክርስትና ስሟን ጻፍልኝ፤ እዚህ ባለችው ቤተ ክርስቲያን ከአንተ ስም ጋር አስጠራዋለሁ።

እኅትህ