የማይለቅ የወገብ ሕመም ሲኖር ስለ ቲቢም ይጠየቅ

ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ።

ስለ ቲቢ የምታወጡትን ሁሉ አነባለሁ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ሰው ይመርመር የሚለውን ምክር ደጋግማችሁ መጻፋችሁ ያስመሰግናችኋል። ስንቱን ሰው በጊዜ ወደ ሐኪም እንደላከ መገመት አያዳግትም። እኔ ግን ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። እኔ ጋ የሚመጡት የቲቢ ሕመምተኞች አብዛኞቹ አያስሉም። የሚያማቸው ወገባቸው፣ ዳሌያቸው፣ ጉልበታቸው ነው። ሳል ስለሌላቸው ስለ ቲቢ የሚጠይቃቸው የለም። እነሱም ምክሩን ሲሰሙ "ይሄ እኔን አይመለከትም" ብለው ያልፉታል። ብዙዎቹ እኔ ጋ የሚደርሱት አከርካሪያቸው ከተጎዳ በኋላ፣ እንደገና መቆምና መራመድ ለመለማመድ ነው። ስለ እነሱም እንድትጽፉ ልለምናችሁ ነው።

የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቲቢን የሚያመጣው ሳንባን የሚያጠቃው ያው ጀርም ነው። በትንፋሽ ይገባል። ከሳንባ በደም ሄዶ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። እዚያ ለዓመታት ዝም ሊል ይችላል። ሰውነት በስኳር፣ በኤችአይቪ፣ በምግብ እጥረት ወይም በዕድሜ ሲዳከም ይነሳል። ከአጥንት ቲቢ ግማሽ ያህሉ የሚይዘው አከርካሪን ነው። ቀጥሎ ዳሌና ጉልበት ይመጣሉ። ከመቶ የቲቢ ሕመምተኞች አጥንታቸው ወይም መገጣጠሚያቸው የሚያዝባቸው አንድ ወይም ሁለት ያህል ናቸው። ትንሽ ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 10.8 ሚሊዮን ሰው በቲቢ እንደታመመ ገምቷል። ከመቶ አንዱን ብቻ ብንወስድ እንኳ ከ100 ሺህ ሰው በላይ ነው።

በጣም የሚያሳስቡኝ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ የሚመጡት ናቸው። አንድ ወጣት ልጥቀስ። ግንባታ ላይ የቀን ሠራተኛ ነበር። ጠባብ ክፍል ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ተጠጋግቶ ያድራል። ወገቡን ሲያመው ማንንም አልደነቀም። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ የሚሸከም ሰው ወገቡን ቢያመው ምን ይገርማል? እሱም እንደዚያው ነው ያሰበው። ማስታገሻ እየዋጠ ሥራውን ቀጠለ። አንድ ቀን ከቀረ የዚያ ቀን ክፍያ የለም። ደጋግሞ ከቀረ ደግሞ ቦታውን ሌላ ይይዘዋል። እያደር ሕመሙ ሌሊት ይብስበት ጀመር። ሱሪው ሰፋው። ክሊኒክ ሲሄድ የተጠየቀው ስለ ሥራው ብቻ ነበር። "ከባድ ዕቃ አታንሳ" ተብሎ ተመለሰ። ዕቃ ሳያነሳ ምን በልቶ ሊያድር? እኔ ጋ በተሽከርካሪ ወንበር ሲመጣ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ የአከርካሪ አጥንቶቹ ተበልተው፣ መግሉ ኅብለ ሰረሰሩን ተጭኖት ነበር። ጀርባው ላይ ጉብታ ወጥቷል።

ከተማው ውስጥ የኖረ ሰውም አያመልጥም። እዚያው ተወልደው እዚያው ያረጁ አንዲት እናት አሉ። ስኳር አለባቸው። እሳቸው ሐኪም ለማግኘት አልተቸገሩም፤ ልጆቻቸው ያመላልሷቸዋል። ጉልበታቸው አብጦ ነበር። እብጠቱ አይፋጅም፣ አይቀላም። "እማማ፣ የዕድሜ ነገር ነው" ተባሉ። ጉልበታቸው ላይ ስቴሮይድ ተወጉ። ለጊዜው ቀለል አላቸው፣ ከዚያ ባሰባቸው። ስቴሮይድ እብጠቱን ሲያበርድ የሰውነትን መከላከያም ያዳክማል። ቲቢ ለያዘው መገጣጠሚያ ይህ ክፉ ነው። በመጨረሻ ከመገጣጠሚያው ናሙና ተወሰደና ቲቢ ተገኘ። በወጣትነታቸው የቲቢ ሕመምተኛ አስታመው እንደነበር የነገሩን ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ማንም አልጠየቃቸውም።

ወጣቱን ያዘገየው ሥራው ነው። እሳቸውን ያዘገያቸው ዕድሜያቸው ነው። ሁለቱም ላይ ሕመሙ ዝግጁ ስም ተገኘለትና ምርመራው እዚያ ላይ ቆመ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አንድ ጥያቄ ቢጨመር፣ "ከዚህ በፊት ቲቢ ይዞህ ያውቃል? ቤትህ ውስጥ የታመመ ሰው አለ?" ቢባል፣ ነገሩ በጊዜ ሊታወቅ ይችል ነበር።

"ቲቢውን ይዘውብን የሚመጡት እነሱ ናቸው" የሚል ወሬ እሰማለሁ። ከሌላ አገር ስለመጡትም፣ ከገጠር ስለመጡትም ይባላል። ጀርሙ በሰውነቱ ተኝቶ የሚመጣ ሰው መኖሩ እውነት ነው። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ በጀርሙ ተይዞ ያውቃል ተብሎ ይገመታል። ከተያዙት ውስጥ በዕድሜያቸው ዘመን የሚታመሙት ግን ከመቶ ከ5 እስከ 10 ያህሉ ናቸው። ጀርሙን ከመጣ በኋላ፣ አየር በማይገባበት ክፍል ተጨናንቆ ሲያድር የሚያገኝ ሰውም አለ። ያንን ክፍል ያከራየው የከተማው ሰው ነው። ስደተኞችን የሚመረምሩ አገሮችም በአብዛኛው የሚያነሱት የደረት ራጅ ነው። የደረት ራጅ የወገብን ሕመም አያሳይም። የአጥንት ቲቢ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሳንባቸው ላይ ምንም አይታይም።

ምርመራው ቀላል ነው አልልም። አክታ ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ራጅም ቢሆን አጥንቱ ከማዕድኑ ሲሶ ያህሉን እስኪያጣ ድረስ ምንም ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ "ራጅህ ደህና ነው" መባል ብቻውን አያሳርፍም። ኤምአርአይ ቀድሞ ያሳያል። ቁርጡ የሚታወቀው ግን ከቦታው በመርፌ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው። ጂንኤክስፐርት የሚባለው፣ የጀርሙን ዘረመል የሚፈልግ ማሽን በሰዓታት ውስጥ ውጤት ይሰጣል፤ ጀርሙ አንዱን ዋና መድኃኒት ተላምዶ እንደሆነም አብሮ ይናገራል። ጀርሙን የማሳደግ ምርመራ ሳምንታት ይወስዳል። ለሙያ ባልደረቦቼ አንድ ነገር ልበል። ምክንያቱ ያልታወቀና የማይለቅ የወገብ ሕመም ያለበትን ሰው ከመጎተትና ከመጫን በፊት እንመርምረው። በቲቢ የላላ አከርካሪ በእጃችን ሊሰበር ይችላል።

ሕክምናው በመድኃኒት ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። የቲቢ ወገብ ማለት ቀዶ ጥገና ወይም ዓመት ሙሉ መተኛት ይመስለዋል። ድሮ እንደዚያ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1779 የጀርባ መጉበጥና የእግር መስነፍ አብረው የሚመጡበትን ይህን ሕመም ጽፎ ነበር፤ እስከ ዛሬም የፖት በሽታ ይባላል። ከዚያ በኋላ ከ150 ዓመት በላይ ሐኪሞች የነበራቸው መላ አልጋ፣ ጀሶና ፀሐይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሆንግ ኮንግ በስደተኞች ተጨናንቃ በነበረችበት ጊዜ ሆጅሰንና ስቶክ የተባሉ ሐኪሞች ከፊት በኩል ገብተው የተበላውን አከርካሪ የሚጠርጉበትንና የሚጠግኑበትን ቀዶ ጥገና አወጡ፤ ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1956 አሳተሙ። ቆይቶ በኮሪያ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ መድኃኒቱን በትክክል ለሚወስድ ሰው አልጋ ላይ መተኛትም ሆነ የጀሶ ጃኬት መልበስ የጨመረለት ነገር እንደሌለ አሳዩ። ለቀን ሠራተኛ ይህ ትልቅ ዜና ነው። አብዛኛው ሕመምተኛ እየተመላለሰ ይታከማል። ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ኅብለ ሰረሰሩ ለተጫነበት፣ አከርካሪው ለላላ ወይም ጉብጠቱ እየባሰ ለሚሄድ ሰው ነው።

ችግሩ ጊዜው ነው። በብዙ አገር የአጥንት ቲቢ ሕክምና ከ9 እስከ 12 ወር ይወስዳል። መጀመሪያ ሁለት ወር አራት መድኃኒት፣ ከዚያ ሁለት መድኃኒት። ሕመሙ ግን ቀድሞ ይታገሳል። ሰው ቀለል ሲለው ያቆማል። ሽንቱ ብርቱካንማ ሲሆን የሚደነግጥም አለ፤ ያ ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ቀለም ነው፣ ጉዳት የለውም። ዓይኑ የደከመበት፣ ወይም ዓይኑ ቢጫ የሆነበት ሰው ግን ሳይውል ሳያድር ለሐኪሙ ይንገር።

ሥራ ተከትሎ ለሚንቀሳቀስ ሰው ከሁሉም የሚከብደው መቀጠሉ ነው። ሕንፃው ያልቃል፣ ቀጣሪው ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፣ ሠራተኛውም ይከተላል። የሕክምና ካርዱ የቀድሞው ጤና ጣቢያ ይቀራል። አዲሱ ቦታ ሲሄድ የነዋሪነት ወረቀት ይጠየቃል። ወረቀቱ እስኪገኝ መድኃኒቱ ይቋረጣል። የተቋረጠ መድኃኒት ጀርሙን ያለማምደዋል። የተላመደ ጀርም ደግሞ ለነዋሪውም ለመጤውም ነው የሚተርፈው። ሕመምተኛው ከመሄዱ በፊት የሚደርስበት ጤና ጣቢያ ቢደወልለት፣ እስኪደርስ የሚበቃው መድኃኒት ቢያዝለት፣ እዚያ ሲደርስም ያለ ወረቀት ቢቀበሉት ብዙው ችግር ይቃለላል። ይህን ለማድረግ አዲስ ማሽን አያስፈልግም።

ቤት ለሚያከራዩም አንድ ቃል አለኝ። የአጥንት ቲቢ ብቻ ያለበት ሰው በትንፋሽ አያስተላልፍም። ሳንባው መመርመር አለበት። ነፃ ከሆነ አብሮ መብላትም አብሮ ማደርም ይቻላል። በዚህ ሕመም ምክንያት ከቤት የተባረረ ሰው ገጥሞኛል። ክራንች ይዞ ሌላ ክፍል ሲፈልግ ነበር።

እባካችሁ በሚቀጥለው የጤና ገጻችሁ ከሳሉ ጋር እነዚህንም አውጡልን። ከጥቂት ሳምንታት በላይ የቆየ፣ በእረፍት የማይታገስ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ የወገብ ሕመም። ቀስ እያለ የሚያብጥና የማይፋጅ መገጣጠሚያ። ሳይወድቅ የሚያነክስ ልጅ። ብሽሽት ላይ የወጣ ለስላሳ እብጠት። የማታ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ ባይኖሩም ግን ብዙ ሰው ላይ ቲቢ ተገኝቷል። እግር መስነፍ ወይም ሽንት አለመቆጣጠር ከመጣ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ከላይ ያነሳሁት ወጣት ኅብለ ሰረሰሩ በቀዶ ጥገና ከተላቀቀ በኋላ መድኃኒቱን እየወሰደ ነው። አሁን በክራንች ይራመዳል፤ ጉብታው ግን አብሮት ይኖራል። ሪፖርተራችሁ መምጣት ከፈለገ እሱ ለመናገር ፈቃደኛ ነው። ጠይቄዋለሁ፤ ስሙ እንዳይወጣ ብቻ ነው የሚፈልገው። ካነጋገራችሁት የጤና ቢሮዎችንም አብራችሁ ጠይቁልን፤ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ከተማ ሲቀይር ካርዱን የሚያስተላልፈው ማነው?

ከአክብሮት ጋር
አንድ ፊዚዮቴራፒስት አንባቢያችሁ