የሰው ድስት ይዘን ቤት ልንሸጥ ነበር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ቤታቸውን ለሚሸጡ ሰዎች ያወጣችሁትን ምክር ዘግይቼም ቢሆን አነበብኩት። ግድግዳው ነጭ ይቀባ፣ የቤተሰብ ፎቶ ይውረድ፣ ሳሎኑ ቀለል ይበል ትላላችሁ። ለአፓርታማ ይሠራ ይሆናል። እኛ የሸጥነው ግን ጉለሌ፣ ሩፋኤል አካባቢ ያለ የጭቃ ቤት ነው። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው። እናቴ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ኖራበታለች። አሁን ጉልበቷ ስለደከመ እኔ ጋ፣ ኮንዶሚኒየም ልትገባ ነው።

ደላላው ገና ከበሩ ሲገባ ፊቱን አጨማደደ። «እህቴ፣ ዕቃ ሲበዛ ቤት ይጠባል። ገዢ ይዤ ስመጣ ባዶ ሆኖ ይጠብቀኝ። ቆራሌው አለልሽ አይደል?» አለኝ። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜም በቪዲዮ እየደወለ «በቃ ጣሉት! ይሄ ሁሉ ኮተት ምን ይሠራል?» ይላል። እሱ ምን አለበት፣ ከስልክ ውስጥ ሆኖ መጣል ቀላል ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከታናሽ እህቴ ጋር ጀመርን። እማዬ ግቢው ውስጥ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። ከቤት የሚወጣው ሁሉ በፊቷ ያልፋል። ፌስታል ውስጥ ፌስታል፣ እሱም ውስጥ በሥርዓት የታጠፈ ፌስታል። አሥራ አንድ የኒዶ ጣሳ፦ አንዱ ቁልፍ ሞልቶታል፣ የሸሚዝ ቁልፍ፤ ሌላው ደግሞ የበር ቁልፍ፣ የትኛውንም በር የማይከፍት። ቆራሌው ዝገት የበላውን ቆርቆሮና የተቃጠለውን የኤሌክትሪክ ምጣድ ወሰደ። ቀጥሎ የመጣው ልዋጭ የአባቴን ሦስት ኮት ተቀብሎ አንድ ሰማያዊ ሳፋ ሰጠን። እማዬ ሳፋውን አየችና «እንግዲህ አባታችሁን በሳፋ ለወጣችሁት» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ጓዳ ውስጥ አሥራ ሰባት ሃይላንድ ጠበል አገኘን። የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት፣ የጻድቃኔ ማርያም፣ ጽሑፉ የደበዘዘም አለ። እህቴ ሽንት ቤት ልትደፋው ስትል እማዬ ከዱካዋ ብድግ አለች፤ ያን ያህል ፈጥና ስትነሳ ካየኋት ዓመታት አልፈዋል። የነፍስ አባቷ ጋ ተደወለ። «እግር የማይረግጠው ቦታ ይፍሰስ» አሉን። ጓሮ ካለው ጽድ ሥር አንድ በአንድ ስናፈስ ዋልን። እንዲህ ያለው ነገር በእናንተ ምክር ውስጥ የለም።

ወረቀቱ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ፣ ጫፉ እንደ መንጠቆ በታጠፈ ሽቦ ላይ፣ አባቴ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ደረሰኞችን ሰክቶ አንጠልጥሏቸዋል። ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሞተበት ዓመት ድረስ፣ አንድም አልጎደለም። የታችኞቹ በጭስ ጠቁረዋል። እህቴ ለእሳት ማቀጣጠያ ብላ ማዳበሪያ ውስጥ ከታቸው ነበር። የፊሊፕስ ራዲዮ ካርቶን ውስጥም ካርታው፣ የጋብቻ ወረቀታቸውና ደርግ ትርፍ ቤቶችን በወረሰበት በአዋጅ 47 ጊዜ አባቴ ትርፍ ቤቱን ያስረከበበት ወረቀት ተገኙ።

ደረሰኞቹን ባንጥላቸው ምን ይጠቅማሉ ብዬ ነበር። ጠቀሙን። አባቴ ስለሌለ መጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ማውጣት ነበረብን። ከዚያ አንድ ቢሮ ስንሄድ ካርታው ላይ የአያቴ ስም በ«ኃ»፣ የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ ደግሞ በ«ሀ» ተጽፎ ተገኘ። «አንድ ሰው መሆኑ በምን ይታወቃል?» ተባልን። ለአንድ ፊደል ሦስት ሳምንት ተመላለስን። በመጨረሻ ጉዳያችንን ያስጨረሰልን ያ በጭስ የጠቆረ ደረሰኝ ነው፤ ግማሹ በ«ኃ»፣ ግማሹ በ«ሀ» ነበር፣ የቤት ቁጥሩ ግን አንድ።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ መጀመሪያ ወረቀት ይለይ፣ ቀለሙ ይቆይ። የእኛን ቤትማ ማንም አላየው። ሳሎኑን ሦስት ቀን ስንፈትግ ከርመን ገዢው መጣና በሩ ላይ ቆሞ «ካርታውን ማየት እችላለሁ?» አለ። ከዚያ ሜትሩን ዘርግቶ አጥር ለአጥር ሄደ። በሕጉ መሬት አይሸጥም፣ የሚሸጠው ቤቱ ነው። ሰውዬው ግን አፍርሶ ሊሠራ ነው፤ ጥያቄው በካሬ ስንት የሚል ብቻ ነበር። ካርታው 175 ካሬ ይላል፣ የሱ ልኬት 168 መጣ። ደላላው ወዲያው ዋጋ ሊያስቀንስ አፉን ሲከፍት እማዬ «ያ እንጨት እኮ አጥር አይደለም» አለች። ለካስ ሜትሩ የቆመው ከኋላ ለዓመታት በተከመረው ማገዶና በአሮጌው አልጋ ላይ ነው። እውነተኛው አጥር ግማሽ ሜትር ያህል አልፎ፣ ከክምሩ ጀርባ ነበር። እንጨቱን ስናነሳ ችካሉም ታየ፤ 175 ሞላ። ሰባት ካሬ በማገዶ ምክንያት ልትቀር ነበር። ሳሎኑን ትተን ጓሮውን ብናጸዳ ኖሮ ይሻለን ነበር።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ግን ሌላ ነው። ያን ቅዳሜ እማዬ ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ «ይሄ የኔ አይደለም።» ከአልጋ ሥር የወጡት ዘጠኝ የፕላስቲክ ወንበሮች ጀርባቸው ላይ በቀይ ቀለም «ዕ» ተጽፎባቸዋል፤ የዕድሩ ናቸው። ሙቀጫው ከፊት ለፊታችን ያሉት የእትዬ ነው፣ ዘነዘናው ግን የእኛ። ረከቦቱ የሟች ጎረቤታችን ነበር፣ ለልጇ መመለስ አለበት። አንዱ ሰፌድ ከሽሮ ሜዳ የመጣ የአክስቴ ነው። ስንቆጥር ከዕቃው ሲሶው የሰው ነበር። የእኛም ዕቃ እንደዚያው በየሰው ቤት አለ፤ የጠፋብን የመሰለን ትልቁ ሳፋ እትዬ ጋ በርበሬ ሲሰጣበት አገኘሁት። ታዲያ ይሄን ሁሉ ለቆራሌው አሸክመን ብንሄድ፣ ያ ሰፈር ምን ይለን ነበር?

ከቡፌው ላይ በነጭ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ሳላየው «የሚጣል» ባልኩት ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኩት። እማዬ ጮኸች። የሚካኤል ማኅበር ጽዋ ነው። የሚቀጥለው ወር ተረኛ እሷ ነበረች። ደላላው ከወሩ 10 በፊት ቁልፉን አስረክቡ ይላል፣ ሚካኤል ደግሞ በ12 ነው። «ጽዋው የሚወጣው ከዚህ ቤት ነው» ብላ ቁጭ አለች። ደላላው ለመነ፣ እኔ ለመንኩ፣ አልሆነም። ገዢው ሦስት ቀን ጠበቀን፤ ደግ ሰው ነው፣ ጠላም ጠጣ።

ባዶ ቤት ውስጥ ማኅበር ሲጠጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ድምፅ ያስተጋባል። መልሰናቸው የነበሩትን የዕድር ወንበሮች እንደገና ተውሰን አሥራ ሁለት እናቶች ተቀመጡ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ለቀጣይዋ ተረኛ ተሰጠ። በዚያ አጋጣሚ ባለቤቱ ያልታወቀውን ብቸኛ ዕቃ መሀል ላይ አወጣሁት፦ ትልቅ ብረት ድስት። አንድ ጆሮው ላይ ሁለት ጭረት አለው፣ ቂጡ ላይ በሚስማር «ገ» ተጽፏል። እናቶቹ እየገለበጡ አዩት። ማንም አላወቀው። እማዬ የምታስታውሰው ለወንድሜ ክርስትና መዋሱን ብቻ ነው፤ «ጣሉት» ለሚለው ለዚያ ወንድሜ። አሁን 41 ዓመቱ ነው።

ድስቱ በረንዳዬ ላይ ነው። ይህን የሚያነብ ሩፋኤል አካባቢ የኖረ ሰው ካለ፣ በ1976 እና 1977 ገደማ ትልቅ ድስት አውሶ ያልተመለሰለት ወይም እናቱ ስትፈልገው የሚያስታውስ፣ የዕድራችንን ንብረት ያዥ ይጠይቅ። ስልኬ እሳቸው ጋ አለ። ክዳኑ ግን የለም፤ ክዳኑን አልወሰድንም ትላለች እማዬ።

አንባቢያችሁ፣ ከጉለሌ